ጓዳ የሌለው ቤት

የሚሸሽገው ነገር የሌለው ሰው በሩን ስለ ምን ይዘጋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ስለ ኢንተርኔትና ስለ ምሥጢር ነገር በተነሣ ቍጥር፥ «እኔ ሌባ አይደለሁም፤ በስልኬ የማየውን ሌላ ሰው ቢያየው ምን ይጐዳኛል?» የሚል መልስ ይመጣል። መልሱ የንጹሕ ሰው መልስ ስለሚመስል ብዙዎች ሰምተው ዝም ይላሉ። እኔም የማስተማር ሥራዬን ጨርሼ መካኒሳ ከተቀመጥሁ ወዲህ ይህን ቃል ከጎረቤቶቼ ልጆች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ንጽሕናቸውን አልጠረጥርም፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ ያለው አሳብ ትክክል አይመስለኝምና፥ ማንበብ የምትወዱ ወጣቶች ከእኔ ጋራ ጥቂት እንድትመረምሩት እለምናችኋለሁ።

በመጀመሪያ የገዛ ቋንቋችንን እንጠይቅ። አማርኛ ገመና የሚባል ቃል አለው። ገመና ወንጀል ማለት አይደለም፤ ሐሰትም ማለት አይደለም። በቤት ውስጥ ያለውን ጕድለት፥ ደዌውን፥ ዕዳውን፥ የባልና የሚስቱን ቅያሜ፥ የልጁን ድካም ሁሉ በአንድነት የሚጠራ ስም ነው። የባልንጀራውን ገመና የሚሸፍን ሰው ይመሰገናል፤ የሚገልጠው ይነወራል። ቤታችንም እንደ ቋንቋችን ነው። መካኒሳ ዛሬ ፎቅና አስፋልት በዝቶበታል፤ ከፎቆቹ ኋላ በቀሩት የጭቃ ቤቶች ግን አንዲት ክፍል ብቻ ያላት እናት እንኳ አቡጀዲ ዘርግታ መጋረጃ ታበጃለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውም ጓዳ ይባላል። እንግዳ ገብቶ ቡና ጠጥቶ፥ ተጫውቶ፥ መርቆ ይሄዳል እንጂ መጋረጃውን አይገልጥም። በጓዳው ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ የለም። ያለው ቡሃቃና የጤፍ ጆንያ ነው፤ ምናልባትም ጆንያው ባዶ ነው። መጋረጃውን ያስፈለገውም ይኸው ባዶነቱ ነው።

«እንግዲያስ አጭበርባሪም መጋረጃ አለው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስልክ ደውሎ የባንክ ሠራተኛ ነኝ የሚልና፥ በስልክሽ የመጣውን ቍጥር ንገሪኝ ብሎ የመበለት ገንዘብ የሚወስድ ሰው ስሙን ይሸሽጋል። ነገር ግን የሚሸሽገውን ነገር ለይታችሁ ተመልከቱ። እርሱ የሚሸሽገው በሌላ ሰው ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ መበለቲቱ በጓዳዋ የምትሸሽገው የራሷን ነው። የመጀመሪያው ተንኮል፥ ሁለተኛው ገመና ይባላል። ሁለቱ በጨለማ አንድ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ተንኮልን እንይዛለን ብለው መጋረጃውን ሁሉ የሚቀዱ ሰዎች አስቀድመው የሚያገኙት የመበለቲቱን ባዶ ጆንያ ነው። ደግሞም ያ ደዋይ ብዙ ጊዜ የሚሳካለት ስሟንና ስልክ ቍጥሯን፥ ገንዘቧን የምታስቀምጥበትንም ባንክ አስቀድሞ ከአንድ ስፍራ ስላገኘ መሆኑን አትርሱ። የሷ መጋረጃ መቀደድ ለእርሱ መንገድ ሆነለት እንጂ አላጋለጠውም።

የአገራችን ሕግም ይህን የተረዳው ዛሬ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ተቋቋመ። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ ከቈጠራቸው ጥቂት መብቶች አንዱ፥ ሕግ ካዘዘው ምክንያት በቀር የሰው ደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ኢትዮጵያዊ ምን ያህል ነበር? እጅግ ጥቂት ነበር። ቢሆንም ደብዳቤው ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ እጅ እስኪደርስ በመካከል ያለው ሰው እንዳይከፍተው መከልከል እንደሚገባ ታወቀ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና። በ1987 የወጣው፥ ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ፖስታና ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ስልክንና ኤሌክትሮኒክ መሣሪያንም ጨመረበት። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ወጣ። ሕጉ በየዘመኑ ተጽፏል ማለት ነው፤ በየዘመኑ መጣሱም በሌላ መጽሐፍ የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ ጥቂቱን ግን ወደ ኋላ አነሣዋለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ ላምጣ። አንድ አስተዋይ ወጣት እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፥ ይህ የገመና ነገር የፈረንጅ ወሬ አይደለም ወይ? በእኛ ሰፈር ጎረቤት የማያውቀው ምን አለ? ማን ከማን ጋራ እንደ ተጣላ፥ ማን ስንት እንደ ተበደረ፥ ማን ምን እንደ ታመመ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ኖረን አልሞትንም።» ይህ ልጅ እውነት ተናግሯል። እኔም ጎረቤቴን አውቃለሁ፤ ጎረቤቴም እኔን ያውቀኛል። ነገር ግን እርሱ የኔን ደዌ ባወቀ ጊዜ እኔም የእርሱን ዕዳ አውቃለሁ፤ ደዌዬን ያወቀው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው፤ ብሞት ድንኳን ተክሎ፥ የእድር ጡሩንባ አስነፍቶ፥ ሦስት ቀን አብሮ ተቀምጦ ይቀብረኛል። የሚያውቀኝ ሰው ዕዳ አለብኝ ብሎ ያውቀኛል። ገመናዬን በገበያ ቢያወጣ ደግሞ ነገ በእድር ስብሰባ ፊት ለፊት ያገኘኛል፤ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። በስልኬ በኩል የሚያውቀኝ ግን ማን ነው? ስሙን አላውቅም፤ ቤቱን አላውቅም፤ ስንት ገመና እንደ ሰበሰበ፥ ለማን እንደ ሸጠው አላውቅም፤ ቢበድለኝ የምከስሰው በየትኛው አደባባይ እንደ ሆነ አላውቅም። ታምሜ የፈለግሁትን መድኃኒት ያውቃል፤ ሊጠይቀኝ ግን አይመጣም። ክፋቱ መታወቅ አይደለም እላለሁ። የማናውቀው፥ ዕዳም የሌለበት ሰው ሲያውቀን ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ይህን ከተቀበላችሁ፥ ብራውዘር የሚባለውን ነገር መምረጥ ለምን የግብረ ገብ ጥያቄ እንደ ሆነ መረዳት አያስቸግራችሁም። ብራውዘር ማለት ድረ ገጽ የምንከፍትበት፥ አንዳንዶች ማሰሻ የሚሉት፥ በየስልኩ ላይ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን እንደ መስኮት አድርጋችሁ አታስቡት፤ መስኮት አይናገርም። ይልቁንስ እንደ መልእክተኛ ቍጠሩት። የምትፈልጉትን ነገር ነግራችሁ ትልኩታላችሁ፤ ሄዶ ያመጣላችኋል። የት የት እንደ ላካችሁት ሁሉ ያውቃል።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሬ ማንበብ እንደ ቻልሁ፥ ማንበብ የማይችሉ የሰፈር እናቶች ከልጆቻቸው የመጣላቸውን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ይጠሩኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አስተማሪያችን ይህን በሰማ ጊዜ ጠርቶ፥ ያነበብኸውን ደብዳቤ ከደጃፋቸው ስትወጣ እዚያው ተወው፥ ለእናትህም እንኳ አትንገር ብሎ አጠነቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፤ መልእክተኛን የምመዝንበት ሚዛን ግን እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ፈጣን ነው ወይ? ጨዋ ነው ወይ? የሚሉት ሁለተኛ ናቸው። ከደጃፉ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ለማንስ ያደርሰዋል? ይህን ለማወቅም እንጀራውን ከማን እንደሚበላ መጠየቅ ይጠቅማል።

በሥራው ረገድ ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ በጐበኛችሁ ጊዜ ኩኪ የሚባል ትንሽ ጽሑፍ በብራውዘራችሁ ውስጥ ያኖራል፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ ያንን አንብቦ ያውቃችኋል። ይህ ለራሱ ክፉ አይደለም፤ የይለፍ ቃላችሁን በየገጹ እንዳትጽፉ የሚያደርገው እርሱ ነው። ክፋቱ የሚጀምረው በአንዱ ገጽ ላይ የተቀመጠ ሌላ የማስታወቂያ ነጋዴ የራሱን ምልክት አኑሮባችሁ፥ በሚቀጥለውም፥ በሦስተኛውም ገጽ ያንኑ ምልክት እየተከተለ ሲያነብባችሁ ነው። ፋየርፎክስና የአፕል ሳፋሪ ይህን ዓይነቱን ምልክት ሳይጠየቁ ይከላከላሉ። የጉግል ክሮም ግን በጥር 2012 እንዲህ ያለውን ኩኪ በሁለት ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ ብሎ ከተናገረ በኋላ፥ ቀኑን ደጋግሞ አራዘመ፤ በሚያዝያ 2017 እንደ ነበረ እንደሚተወው አስታወቀ። የጉግል እንጀራ በአብዛኛው ከማስታወቂያ የሚገኝ መሆኑን ላወቀ ሰው ይህ አያስደንቅም። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። በጌታው ማዕድ የሚበላ መልእክተኛ የጌታውን ጕዳይ ያስቀድማል ማለቴ ነው።

ስምም አያታልላችሁ። ክሮም ኢንኮግኒቶ የሚባል፥ ተሸሽጎ መሄጃ የሚመስል አሠራር አለው። ብዙ ሰው ይህን ከፍቶ ማንም አያየኝም ብሎ ያምናል። እርሱ ግን የሚሸሽገው ከዚያው ስልክ ላይ ነው፤ የጐበኛችሁትን ታሪክ በስልኩ አያስቀርም እንጂ ድረ ገጾቹንና የቴሌውን መስመር አያሳውራቸውም። በ2012 በአሜሪካ ሰዎች በዚህ ነገር ጉግልን ከሰሱት፤ በ2016 በተደረሰው ስምምነት ጉግል በዚያ አሠራር ከተሰበሰበው ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠር መዝገብ ለማጥፋት ወይም የሰው ማንነት እንዳይለይበት ለማድረግ ተስማማ። ከትልቁ ነጋዴ ሸሽተን ወደ ትንንሾቹ ብንሄድም ፍጹም የሆነ አናገኝም። ገመና ጠባቂ ነኝ የሚለው ብሬቭ፥ ሰው የአንዳንድ የዲጂታል ገንዘብ ገበያዎችን አድራሻ ሲጽፍ ለራሱ ኮሚሽን የሚያስገኝ ቃል ከአድራሻው ላይ ይጨምር እንደ ነበር በ2012 ተገለጠበትና ይቅርታ ጠየቀ። ዳክዳክጎ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ጋራ በነበረው ውል ምክንያት በብራውዘሩ ውስጥ የማይክሮሶፍትን ተከታታዮች በከፊል ያሳልፍ እንደ ነበር በ2014 ታወቀና በዚያው ዓመት አረመ። ፋየርፎክስም ቢሆን ከሚያገኘው ገንዘብ የበዛውን ለብዙ ዓመታት የተቀበለው ከጉግል ነው። ይህን የምነግራችሁ ሁሉም ያው ነው ብላችሁ ተስፋ እንድትቈርጡ አይደለም፤ ልዩነት አላቸው፤ ስሕተቱ ሲገለጥበት የሚያርመውን ከማያርመው መለየት ይቻላል። ነገር ግን አንዱን ተቀብላችሁ አንቀላፉ ብዬ የምሰጣችሁ መልእክተኛ የለኝም።

በአገራችን ድኻ ዘንድ የታወቀውን ኦፔራ ሚኒን ለብቻው ላንሣው፤ የሚያሳዝነኝ እርሱ ስለ ሆነ። ዳታ ውድ ነው፤ ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ዳታ ይቈጥባል። እንዴት ይቈጥባል? እጅግ አድርጎ በሚጨምቅበት አሠራሩ፥ የምትፈልጉትን ገጽ የኩባንያው ሰርቨር ራሱ ይከፍተዋል፤ አንብቦ አጥፎ፥ አሳንሶ ይልክላችኋል። ሌላ ብራውዘር በሚሆንበት ጊዜ፥ አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ ብሎ የጀመረ እንደ ሆነ በመካከል ያለው ሁሉ የሄዳችሁበትን ቤት ስም ያይ ይሆናል እንጂ ከቤቱ ውስጥ የተነጋገራችሁትን አይሰማም። በዚህ ግን ደብዳቤው በመንገድ ይከፈታል፤ ካልተከፈተ አይታጠፍምና። ይህን ያደርጋል የተባለውም በምሥጢር አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ የሚናገረው አሠራሩ ነው። መሠረቱ ኖርዌይ ሲሆን በ2009 የቻይና ባለሀብቶች ማኅበር ገዝቶታል። ክፉ አደረገ የሚል ማስረጃ የለኝም። የሚያሳዝነኝ፥ ሀብታሙ ገመናውን ጠብቆ የሚሄድበትን መንገድ ድኻው ገመናውን ከፍሎ የሚሄድበት መሆኑ ነው። ይህን ዋጋ በሂሳብ ደረሰኙ ላይ አያገኘውም።

ስለ አስቸጋሪነት የሚገባውን ያህል አልተናገርሁም፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ሰውን የሚያሸንፈው ግን እርሱ ነው። በራችሁን ለመዝጋት የወሰናችሁ ቀን መከራችሁ ይጀምራል። ገጹ አልከፍትም ይላችኋል። ያውቃችሁ የነበረው ገጽ ሁሉ እንግዳ አድርጎ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ሌላው ደግሞ ሰው መሆናችሁን አስረዱ ይልና ዘጠኝ ትንንሽ ሥዕል ያቀርብላችኋል። አንድ ጊዜ በአሜሪካ መንገድ ዳር የሚተከለውን የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ያለበትን ሥዕል ሁሉ ምረጥ ተባልሁ። በመካኒሳ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ለማስታወቂያ ቦይና ለጀበና ሥዕል ቢያቀርብልኝ ሰውነቴን ባስመሰከርሁ ነበር። ልጆች የነበሩ ተማሪዎቼን በማያውቁት ነገር ፈትኜ ባውቅ ኖሮ የሚገባኝን አገኘሁ እል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን «እስማማለሁ» የሚለው ነው። ገጹን ገና ሳታነብቡ በፊታችሁ አንድ ሰሌዳ ይጋረጣል። «ሁሉን እቀበላለሁ» የሚለው ቃል በትልቅና በደማቅ ቀለም ተጽፏል፤ እንቢ ማለት የሚፈልግ ግን በደበዘዘች ትንሽ ቃል ገብቶ፥ ሌላ ሰሌዳ ከፍቶ፥ ሃያ ያህል ቍልፍ አንድ በአንድ ማጥፋት ይኖርበታል፤ ያውም በእንግሊዝኛ፥ ያውም የሕግ ሰው ባዘጋጀው እንግሊዝኛ። ሰውየው የታመመች ሚስቱን መድኃኒት ስም ለማወቅ የቸኰለ ነው። ትልቁን ይነካል። ከዚህ በኋላ ኩባንያው «ወዶ ፈቅዶ ተስማምቷል» ብሎ በመዝገቡ ይጽፋል።

ይህ ፈቃድ ነውን? ማንበብ የማይችል ገበሬ በጠበል ቀን ሰክሮ ሳለ በውል ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቢያስነኩት ሽማግሌዎች ያንን ውል ምን ይሉታል? ድካምም እንደ ስካር ነው። አንድን ሰው እንቢ ለማለት እስኪሰለች ድረስ አድክሞ እሺ ማሰኘት፥ ከእርሱ ፈቃድን መቀበል ሳይሆን ፈቃዱን መስበር ነው። በዚህ ነገር የተናገርሁት የሽማግሌ ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2014 ይህንኑ ጥፋት ፈርዶበታል፤ ኩኪን እንቢ ማለት እሺ የማለትን ያህል ቀላል አላደረጋችሁም ብሎ ጉግልን 150 ሚሊዮን፥ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ስለዚህ አንድን ነገር አስቸጋሪ ወይም ቀላል ማድረግ የእጅ ሥራ ጕዳይ ብቻ አይደለም። በሩን ለመዝጋት ሁለት ሰዓት፥ ለመክፈት አንድ ጣት የሚበቃ ቤት የሠራ አናጢ በሩ ክፍት እንዲያድር ፈልጓል ማለት ነው። ነገ ከእናንተ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ገጾችን የምትሠሩ ትሆናላችሁ፤ ዛሬም በየኮሌጁ የምትማሩት ይህን ነውና ይህ ቃል ስለ እናንተም ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በሩን የሚዘጋ ሰው ይጠረጠራል ብዬ ብነግራችሁ የአሳብ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል፤ ግን በአገራችን ሆኖ ያለፈ ነገር ነው። ቶር የሚባል ብራውዘር አለ። መነሻው በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የተሠራ አሳብ ነው፤ ደብዳቤውን በሦስት እጅ ያስተላልፋል፤ እያንዳንዱም ከማን እንደ ተቀበለና ለማን እንደ ሰጠ ብቻ ያውቃል እንጂ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አንድ ላይ አያውቅም። ቀርፋፋ ነው፤ የፈተና ውጤቱን ለማየት የሚፈልግ ተማሪ አያስፈልገውም። ቢሆንም ለሚያስፈልገው ሰው ያስፈልጋል። በግንቦት 2004 የቶር ባለቤቶች፥ በኢትዮጵያ ያኔ ብቸኛ በነበረው የቴሌኮም መስመር ላይ ቶር በባሕርይው እየተለየ እንደ ታገደ አስታወቁ።

በሚያዝያ 2006 ዞን 9 በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በቀረበባቸው የሽብር ክስ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ፥ ግንኙነታቸውን በምሥጢር የሚጠብቁበትን ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር፤ ሥልጠናው ማንም በኢንተርኔት ሊያነበው የሚችል፥ ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የሚባል መማሪያ ነው። በሐምሌ 2007 የአንዳንዶቹ ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 የቀሩትን ፍርድ ቤት ከሽብሩ ክስ ነጻ አላቸው። ከዓመት በላይ የታሰሩበት ዘመን ግን አልተመለሰላቸውም። የጻፉትን መውደድና መጥላት የየሰው ፈንታ ነው። እኔ የማተኩረው በአንዱ ነገር ላይ ነው፤ ቍልፍ መግዛት የሌብነት ምስክር ሆኖ ቀረበ። «የሚሸሽገው ነገር የሌለው ሰው በሩን ስለ ምን ይዘጋል?» የሚለው የንጹሕ ሰው ቃል በዐቃቤ ሕግ አፍ ሲነገር መልኩ ይህ ነው።

ሌላውን ደግሞ ስሙ። በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፥ በፍርድ ቤት ፈቃድ እውነተኛ ስሙን ሸሽጎ ኪዳኔ በሚል ስም፥ በየካቲት 2006 በዋሽንግተን ክስ አቀረበ። ክሱ እንደሚለው ከኢሜይል ጋራ በተላከ ሰነድ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ ከ4 ወር በላይ ጥሪዎቹን ይቀዳ፥ በቤቱ የሚደረገውን የኢንተርኔት ፍለጋ ይመዘግብ ነበር፤ የሚላከውም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። በመጋቢት 2009 የይግባኙ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት ክሱን ሳይሰማው ዘጋው። በዚያ ክስ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ከሁሉ የበለጠ የከነከነኝ እርሱ ነው። ከተመዘገቡት ፍለጋዎች አንዱ፥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ የፈለገው ነበር። እንግዲህ ይህ ልጅ ምን የሚሸሽገው ነበረው? ምንም። የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። የአባትን በር የሰበረ ግን በልጁ ክፍል በኩል ያልፋል። እኔ የምሸሽገው የለኝም የምትል ወጣት፥ ስልክህ ውስጥ ያለው የአንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የእናትህ የሕመም ወረቀት ፎቶግራፍ፥ የእኅትህ መልእክት፥ የጓደኛህ ዕዳ አብሮ አለ። የራስህን ገመና መስጠት መብትህ ይሆናል። የነርሱን እንድትሰጥ ማን ወከለህ?

በዚህም ሁሉ ላይ፥ ማንኛውም ብራውዘር የማይዘጋው አንድ በር አለ። ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ፎርም ይሞላ በነበረበት ወራት፥ በየሰፈሩ ያለ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ይጨናነቅ ነበር። ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው ሄዶ ስሙን፥ የልደት ቀኑን፥ የልጆቹን ስም፥ ፎቶግራፉን ይሰጣል፤ ባለ ቤቱ ይሞላለታል። አንዳንዱ ባለ ቤት ታማኝ ነበር፤ ቍጥሩን አትሞ ሰጥቶ፥ ፎቶግራፉን ከኮምፒዩተሩ ላይ ይደመስሳል። አንዳንዱ ግን የማረጋገጫ ቍጥሩን ከራሱ ዘንድ ያስቀር ነበር፤ ዕጣው የወጣ እንደ ሆነ ገንዘብ ሊጠይቅበት ነው። ሁለቱም የተጠቀሙት ምናልባት በአንድ ዓይነት ብራውዘር ነበር። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ የሚያገለግላችሁን ሰው መምረጥም እንዳትተዉ፤ እናንተም የሌላውን ስልክ ወይም ወረቀት የያዛችሁ ቀን ያ የደብዳቤ አንባቢ ልጅ የታዘዘውን አስቡ። የኢንተርኔት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ሳይዘጋ የተወውን ኢሜይል አይቶ፥ ሳያነብ የሚዘጋ ወጣት በመካኒሳ አይቻለሁ። ማንም አላመሰገነውም፤ ባለ ኢሜይሉም አላወቀም።

እኔ ምን መረጥሁ? በስልኬ ላይ ፋየርፎክስን አድርጌአለሁ፤ ተከታታዮቹን እንዲከለክል አጥብቄ አዝዤዋለሁ። የከፈልሁትም ዋጋ አለ። ከምገለገልባቸው ድርጅቶች የአንዱ ገጽ በዚህ አይከፈትም፤ ሌላ ብራውዘር አምጣ ይለኛል። በጤና ቀን በእግሬ ወደ ቅርንጫፉ ሄጄ ወረፋ እይዛለሁ፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይህን ትዕግሥት ከእናንተ አልጠብቅም፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ፥ ጊዜ አለኝ።

በሰፈራችን የታክሲ ረዳት የሆነ አንድ ልጅ አለ፤ ማንበብ ይወዳል። ኦፔራ ሚኒ ደብዳቤውን በመንገድ እንዴት እንደሚከፍተው በነገርሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የሚሉት ገባኝ፤ ነገር ግን በሌላው ስከፍት ጥቅሌ በሁለት ቀን ያልቅብኛል፤ በዚህ ግን ሳምንት እቈያለሁ» አለኝ። ተው ልለው አልቻልሁም፤ የሳምንት ንባቡን በምን እተካለታለሁ? ተቀምጠን ስልኩን አብረን ተመለከትን። በመጨረሻ ሁለት ብራውዘር አድርጎ ነገሩን ከፈለው። ኳሱን፥ ዜናውን፥ የሚያነበውን ልብ ወለድ በኦፔራ ሚኒ ይከፍታል። ባንኩንና ኢሜይሉን፥ የእናቱንም የደም ግፊት ነገር በሌላኛው ይከፍታል። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው እንዴት ሆነልህ አልሁት። «ጥቅሉ ከሐሙስ አያልፍም» አለኝ።